ጥርሷን ሳያዩ ስሟን

ወዳጄ አስጎብኚ ነው። ሃያ ዓመት ሙሉ እንግዳ ይዞ ሰሜን ተራሮች፣ ባሌ፣ ነጭ ሳር፣ አቢያታ ሻላ ሲመላለስ ኖሯል። ወፍን በድምፅዋ ለይቶ ስም ይጠራል፤ ቀይ ቀበሮ በየት በኩል ብቅ እንደምትል ከንጋቱ ብርድ ይገምታል። አንድ እሑድ ጠዋት ቤቱ ቡና እየጠጣን ስልኬን ከፍቼ ፎቶ አሳየሁት። ፎቶው ላይ የእንጨት መሳቢያ አለ። መሳቢያው ውስጥ ሠላሳ የሚሆኑ አይጦች በሆዳቸው ተኝተው ተደርድረዋል፤ የሁሉም ጅራት ወደ አንድ አቅጣጫ ተዘርግቷል፤ የእያንዳንዳቸው የኋላ እግር ላይ በክር የታሰረች ትንሽ ወረቀት አለች። ወዳጄ ሲኒውን አስቀመጠ።

«ይሄ ጭካኔ ነው» አለ። «በዚህ ዘመን፣ ካሜራ እያለ!»

ወዲያው አልመለስኩለትም። ዓይኔ ማቀዝቀዣው ሥር ሄዶ ነበር። እዚያ ሙጫ የተቀባ ካርቶን ተቀምጧል፤ ካርቶኑ ላይ ከሌሊት ጀምሮ የተጣበቀች አይጥ አለች፤ አሁንም ጎኗ ይነሣል፣ ይወድቃል። ያቺን ማንም ስም አይጽፍላትም። ቡናው እንዳለቀ ሠራተኛዋ ከነካርቶኑ ቆሻሻ ውስጥ ትጥላታለች።

ጠቤ ከወዳጄ ጋር አይደለም፤ «ካሜራ እያለ» ከምትለዋ ቃል ጋር ነው። ይህች ቃል ዛሬ ክርክር የማያስፈልጋት እውነት ሆናለች። ስለ ዱር እንስሳት በተወራበት ሁሉ ትሰማላችሁ፦ ድሮ ፈረንጆቹ ጠመንጃና ወጥመድ ይዘው መጡ፣ ገደሉ፣ ገፈፉ፣ በሣጥን አሽገው ወሰዱ፤ ያ የጨለማ ዘመን ነበር፤ ዛሬ ግን ሌንስ አለ፣ ድምፅ መቅጃ አለ፣ ዛፍ ላይ ታስሮ ሌሊቱን ሙሉ የሚያነሣ ካሜራ አለ፤ ስለዚህ ለሳይንስ ብሎ እንስሳ መግደል ወንጀል ነው። አነጋገሩ የዋህነት አለው፣ ርኅራኄም አለው። ግማሹ ደግሞ እውነት ነው። እንዲህ ያለ ሐሳብ አስቸጋሪ የሚሆነውም ለዚህ ነው።

ሐሳቡ የኛ ብቻም አይደለም። በ2014 (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ነው የምጽፈው) አራት ተመራማሪዎች «ሳይንስ» በተባለው መጽሔት ላይ፣ ቁጥራቸው ከተመናመነ እንስሳት ናሙና መውሰድ ወደ መጥፋት ሊገፋቸው ይችላልና በፎቶ፣ በድምፅና ሳይገድሉ በሚወሰድ ዘረ መል እንተካው ብለው ጻፉ። ከመቶ በላይ ሳይንቲስቶች ፈርመው መልስ ሰጡ። በማግስቱ ዓመት ደግሞ በሰለሞን ደሴቶች፣ ጓዳልካናል በምትባለው ደሴት ተራራ ላይ፣ አንድ አሜሪካዊ ተመራማሪ ብዙዎች ለማየት የሚመኙትን አንድ ወፍ ይዞ ለሙዚየም ገደለው። ዓለም ጮኸበት። የአካባቢው ሰዎች ወፉን በስሙ የሚያውቁት፣ ደኑ ውስጥም ብዙ ያለ መሆኑን ግን የሰማ ጥቂት ነው። ለከተማ ሰው ብርቅ የሆነ ሁሉ ለምድር ብርቅ ይመስለዋል።

እስቲ ቅርብ ካለው ልጀምር። ከአዲስ አበባ በስተምዕራብ መናገሻ ሱባ ደን አለ። ቅዳሜና እሑድ ወጣቶች ቦርሳ አንግተው የሚወጡበት፣ ጥዱና ኮሶው ሥር ፎቶ ሲነሡ የሚውሉበት ደን። በዚያ ደን ቅጠል ሥር ቀላ ያለች፣ ጠጉሯ ሲዳሰስ እንደ ብሩሽ የሚቆረቁር አይጥ ትኖራለች። ሳይንቲስቶች ለረጅም ዘመን ከሰሜን ተራሮች እስከ ባሌ፣ ከጨርጨር እስከ ምዕራብ ደኖች ያለችውን ይህችን መሳይ ሁሉ አብዛኛውን ጊዜ በአንድ ስም፣ «ሎፉሮሚስ ፍላቮፑንክታተስ» እያሉ ሲመዘግቡ ኖሩ። አንድ ዝርያ፣ ሰፊ አገር፣ የማያሳስብ። ከዚያ ላቭሬንቼንኮ የተባለ ሩሲያዊ ተመራማሪና ባልደረቦቹ በየተራራው ወጥመድ ዘረጉ። የራስ ቅል ለኩ፣ ክሮሞሶም ቆጠሩ፣ ዘረ መል አነጻጸሩ። በ1998 እና በ2007 ባወጧቸው ጽሑፎች አንድ የተባለችው ዘጠኝ ሆና ተገኘች። ከዘጠኙ አንዷ በሳይንስ ስሟ መናገሻን ይዛለች።

ዘጠኙን በፎቶ አምጡልኝ። ካሜራውን ዛፍ ላይ እሰሩ፣ አንድ ዓመት ተዉት። የሚመጣላችሁ በሌሊት ብርሃን ግራጫ የሆነ፣ ዓይኑ ሁለት ነጭ ነጥብ፣ ግማሽ ገላው ሣር ውስጥ የሆነ አንድ ነገር ነው። አይጥ ነው ትላላችሁ። አዎ፣ አይጥ ነው። የኢትዮጵያ ብቻ ከሆኑት አጥቢ እንስሳት አብዛኞቹ ደግሞ ዋልያና ጭላዳ አይደሉም፤ እንዲህ ያሉት አይጦችና አፈ ሹል ዘመዶቻቸው ናቸው። በ2016 ከኢትዮጵያ ሁለት አፈ ሹል አጥቢዎች አዲስ ስም ወጣላቸው፤ አንደኛዋ ዕድሜውን ለኢትዮጵያ አጥቢ እንስሳት ጥናት በሰጠው በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲው ፕሮፌሰር አፈወርቅ በቀለ ተሰየመች። ከዘመዶቿ ለመለየት አፏን ከፍቶ ጥርሷን መመርመር፣ የራስ ቅሏን በሚሊሜትር ክፍልፋይ መለካት ያስፈልጋል። ለካሜራ ስቃ ጥርሷን አታሳይም።

የርኅራኄው ወገን ያልተረዳው አንድ ነገር እዚህ አለ። አይጧ አንድ በነበረች ጊዜ ማንም አልተጨነቀላትም፤ መናገሻ ቢመነጠር ባሌ አለች፣ ባሌ ቢቃጠል ጨርጨር አለች። ዘጠኝ ስትሆን እያንዳንዷ የራሷ ጫካ፣ የራሷ ገደል፣ የራሷ መጥፊያ ያላት ፍጡር ሆነች። ይህን ያወቅነው ጥቂቶቹ ስለሞቱ ነው። ባይሞቱ ኖሮ የቀሩት ስማቸው ሳይታወቅ፣ ሳይቆጠሩ፣ ማንም ሳይከሰስባቸው በመጥረቢያና በእርሻ ያልቁ ነበር።

አሁን ወደ ጎጃም እንሂድ። በ1926 መጨረሻ ከቺካጎው የፊልድ ሙዚየም የመጣ አንድ ቡድን በጅቡቲው ባቡር አዲስ አበባ ገባ። መሪው ዊልፍሬድ ኦስጉድ የአጥቢ እንስሳት ሊቅ ነው፤ አብሮት ሉዊስ አጋሲዝ ፉየርቴስ የተባለ፣ በዘመኑ ወፍ በመሳል ተወዳዳሪ ያልነበረው ሰዓሊ አለ፤ ወጪውን የሸፈነው የቺካጎ ጋዜጣ ነው። በበቅሎ አርሲን፣ ባሌን፣ ጎጃምን፣ ሰሜንን ዞሩ። በ1927 ከግልገል ዓባይ መነሻ አጠገብ፣ 2600 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ፣ አንዲት አይጥ ወጥመድ ውስጥ ገባች። ጠጉሯ ጥቅጥቅ ያለ ውሃ የማያስገባ፣ የኋላ እግሮቿ ለመዋኘት የሰፉ፣ ጢሟ ውሃ ውስጥ ያለ ተባይ የሚዳስስ። ኦስጉድ በማግስቱ ዓመት «ኒሎፔጋሚስ» ብሎ ሰየማት፤ የዓባይ ምንጭ አይጥ ማለት ነው።

ከዚያ ወዲህ ማንም አላያትም። አንዲት ብቻ። ፈላጊዎች ሄደዋል፤ ያገኙት ከብት የጋጠውና የረገጠው፣ ማረሻ እስከ አፋፉ የደረሰበትን የጅረት ዳር ነው። ዛሬ ምናልባት ጠፍታለች ከሚባሉት እንስሳት አንዷ ናት። ከኢትዮጵያ ብቻ አይደለም፤ ሌላ ቦታ ኖራ አታውቅምና ከዓለም።

የእኔ ተከራካሪዎች እዚህ ላይ ይነሣሉ። «አየህ! የመጨረሻዋን ገደሏት!» እሺ፣ እንከራከር። አይጥ በዓመት ስንት ጊዜ እንደምትወልድ ጎተራ ያለው ሁሉ ያውቃል። አንድን የአይጥ ዘር ያጠፋ አንድ የቆርቆሮ ወጥመድ አልተሠራም፤ የምንጩን ዳር ያራቆተ ግጦሽ ግን አለ። ኦስጉድ ያን ቀን ርኅራኄ ቢይዘው፣ ሥዕሏን ስሎ ቢለቃት ኖሮ ምን ይቀርልን ነበር? መካከለኛው አፍሪካ ውስጥ የውሃ ዳር ዘመድ አለቻት፤ ሊቃውንት የኛይቱ የራሷ ወገን ናት ወይስ የዚያችው ዘር ናት እያሉ አሥርት ዓመታት ተከራክረዋል። በ2020 ከዚያችው ከደረቀችው ናሙና በተወሰደ ዘረ መል ጉዳዩ ተፈታ፤ የራሷ ወገን ናት። ዘጠና ሦስት ዓመት መሳቢያ ውስጥ የተኛች አይጥ ተነሥታ መሰከረች። ሥዕል ቢሆን ኖሮ ግን ኒሎፔጋሚስ የሚባል ነገር መኖሩንም አናውቅም ነበር። ሞታለች ብለን የምናዝነው እንኳ ስለተያዘች ነው።

በነገራችን ላይ ሰዓሊው ፉየርቴስም ወፎቹን በሌንስ እያየ ብቻ አልሳለም። እንደወደቁ፣ የምንቃሩና የዓይን ዙሪያው ቀለም ሳይጠፋ አጠገቡ አስቀምጦ ነው። ያ ቀለም ወፉ በሞተ በሰዓታት ውስጥ ይደበዝዛልና። ከኢትዮጵያ በተመለሰበት በ1927 ነሐሴ ኒው ዮርክ ግዛት ውስጥ የባቡር ሐዲድ ሲያቋርጥ መኪናው ተመትቶ ሞተ፤ የኢትዮጵያ ሥዕሎቹ አብረውት መኪናው ላይ ነበሩ፤ እነሱ ተረፉ። ዛሬ «እንዴት ያምራሉ፣ ምነው ሁሉም እንደሱ በሥዕል ብቻ ቢያቆሙት» የሚሉ ሰዎች አጋጥመውኛል። ከእያንዳንዱ ሥዕል ጀርባ አንድ የሞተ ወፍ አለ።

ሰብሳቢዎችን ሁሉ ቅዱስ ላደርግ አልተነሣሁም። ሮሎ ቤክ የተባለ ሰብሳቢ በ1900 ታኅሣሥ መጀመሪያ ቀን ሜክሲኮ አጠገብ ባለችው የጓዳሉፔ ደሴት ላይ አሥራ አንድ ንስር መሳይ ወፎች ሲመጡ አየ፤ ዘጠኙን መትቶ ጣለ። የዚያ ዘር የመጨረሻ ሊባሉ የሚችሉ ነበሩ። እንዲያ ያለው ሰው ጠላቴ ነው። አዋቂ ቁጥሯ አምስት መቶ የማይሞላ ቀይ ቀበሮ ላይም ለሳይንስ ብሎ ጥይት የሚተኩስ ቢኖር መጀመሪያ የምጮኸው እኔ ነኝ። ነገር ግን የእብድ ውሻ በሽታ በባሌ በተነሣ ጊዜ ቀበሮዎች በየጓሳው ሥር ሞተው ተገኝተዋል፤ እንዲያ ያለችው ሬሳ ጉድጓድ ገብታ ከመበስበስ መሳቢያ ብትገባ ማንን ትጎዳለች? ይህንንም «ሬሳ መሰብሰብ» ብለው የሚጸየፉ አሉ።

የነጭ ሳሯ ወፍ እንኳ የተገኘችው በዚህ መንገድ ነው። በምሽት ነፍሳት ከምትለቅም ወገን ናት፤ «የሌሊት ወፍ» እንዳልላት ስሙን ሌላው ወስዶታል። በ1990 አንድ የተመራማሪዎች ጉዞ በነጭ ሳር መንገድ ላይ መኪና የደፈጠጣትን ወፍ አገኘ። መውሰድ የተቻለው አንድ ክንፏን ነበር። በ1995 በዚያ አንድ ክንፍ አዲስ ዝርያ ተብላ ታወጀች፤ በላቲን የወጣላት ስም «ሶላላ» አንድ ክንፍ ብቻ ማለት ነው። ከዚያ ወዲህ አየን ያሉ አሉ። አየሁ የሚል ሰው ቃል ቃል ነው፤ የዚያች ወፍ ማንነት በተጠየቀ ቁጥር የሚጠራው ምስክር ግን ክንፉ ነው።

የተከራካሪዎቼን ምርጥ ማስረጃ እኔው ላንሣላቸው፤ እነሱ ሲያነሡት ግማሹን ይተዉታል። በ1988 ሶማሊያ ውስጥ፣ ቡሎ ቡርቲ በምትባል ከተማ፣ ሆስፒታል ግቢ ውስጥ አንድ የማይታወቅ ወፍ ታየ። በ1989 ተያዘ። ተመራማሪዎቹ አንድ ብቻ ሊሆን ይችላል ብለው አልገደሉትም፤ ላባና ደም ወስደው፣ አኑረው፣ በ1990 ለቀቁት። በ1991 አዲስ ዝርያ ነው ብለው ሲያውጁ «ሊበራተስ»፣ ነፃ የወጣው፣ ብለው ሰየሙት። ዓለም አጨበጨበ፤ ካለ ሞት ስም ማውጣት ይቻላል ተባለ። ከዚያስ? ወፍ ፈላጊው ሁሉ ዓይኑን ጣለ፤ ጥበቃ ያሻቸዋል በተባሉ ዝርዝሮች ገባ። በ2008 ያው የዘረ መል ነገር እንደገና ሲመረመር ወፉ አዲስ ዘር አልነበረም። በአካባቢው የሚታወቅ ወፍ፣ ቀለሙ ብቻ የተለየ ነበር።

እዚህ ላይ ሁለት ነገር አስተውሉ። ስህተቱ ለአሥራ ሰባት ዓመት የቆየው ከሌሎች ጋር አጠገብ ላጠገብ አስቀምጦ የሚያየው ሙሉ ገላ ስላልነበረ ነው። ስህተቱ የታረመው ደግሞ ቢያንስ ደሙና ላባው ስለተቀመጠ ነው። ፎቶ ብቻ ቢሆን ኖሮ ዛሬም እንፈልገው ነበር። ስለዚህ አንድ ብቻ ካገኛችሁ፣ እውነት ብርቅ መስሎ ከታያችሁ፣ ደምና ላባ ውሰዱና ልቀቁት፤ በዚህ እስማማለሁ። ይህ ግን «ካሜራ ይበቃል» ማለት አይደለም።

የሊበን ሜዳዋስ? ነጌሌ ቦረና አጠገብ ባለው የሣር ሜዳ የምትኖር፣ ቁጥሯ እየተመናመነ የሄደ ትንሽ መሬት ለመሬት ሯጭ ወፍ አለች። በ1968 በተወሰደ ናሙና በ1975 ስም ወጣላት፤ የኢትዮጵያ ብቻ ናት ተባለ። ከሶማሌላንድ ደግሞ በ1918 እና በቀጠሉት ጥቂት ዓመታት የተሰበሰበች፣ ከ1922 ወዲህ በእርግጠኝነት ያልታየች ሌላ ወፍ ነበረች። በ2013 የወጣ ጥናት ጅጅጋ አጠገብ ከተገኙት ጋር አነጻጽሮ ሁሉም አንድ ዘር መሆናቸውን አሳየ። ጠፍታለች የተባለችው ጅጅጋ ላይ አለች፤ የኢትዮጵያ ብቻ የተባለችው ከጎረቤት ጋር የምንጋራት ሆነች። ይህን ለማወቅ የረዳው ከመቶ ዓመት በፊት የሞተ ወፍ ነው። የዚያን ጊዜው ሰብሳቢ ዘረ መል የሚባል ነገር እንደሚነበብ አያውቅም። መሳቢያ የሚጠቅመው ገና ላልተጠየቀ ጥያቄ ነው።

የእንቁላል ሰብሳቢዎችን ያህል በእንግሊዝ አገር የተጠላ ሰው አልነበረም፤ ጥላቻውም ይገባቸው ነበር። ነገር ግን ዴሪክ ራትክሊፍ የሚባል ተመራማሪ በ1967 በእነዚያው ስብስቦች ያሉትን የጭልፊት እንቁላሎች ሲመዝን፣ ከ1940ዎቹ አጋማሽ ወዲህ ቅርፊታቸው በድንገት መሳሳቱን አገኘ። ዲዲቲ የተባለው መርዝ ነው። የተከሰሰው ኬሚካል የተያዘው በተከሰሱ ሰዎች ሣጥን ነው። እኛ ዝዋይ ዙሪያ የአበባና የአትክልት እርሻ አለን፤ ይረጫል። ከሃምሳ ዓመት በኋላ አንዲት ተማሪ «በዚያ ዘመን በሐይቁ ወፎች ጉበት ውስጥ ምን ነበር?» ብላ ብትጠይቅ የማንን መሳቢያ ትከፍታለች? የወዳጄን ስልክ? እዚያ ውስጥ የዝዋይ ይብራ አራት ሺህ ፎቶ አለ፤ ሁሉም ያምራሉ፣ ጉበት የለባቸውም።

አሁን በጣም ወደሚያንገበግበኝ ነገር ልምጣ። ይኸው «ካሜራ ይበቃል» የሚል ሰው በሌላ ቀን «ፈረንጅ ዘረፈን» ይላል። አዎ፣ ተወስዷል። ኤድዋርድ ሩፔል የተባለው ጀርመናዊ ጭላዳና ዋልያን በ1835፣ ቀይ ቀበሮን በ1840 ለሳይንስ ሲያስተዋውቅ ናሙናዎቹ ፍራንክፈርት ገቡ። የዓባይ አይጥ ቺካጎ ናት። የነጭ ሳሩ ክንፍ እንግሊዝ ነው። ዛሬ አንድ ኢትዮጵያዊ ተመራማሪ የአገሩን እንስሳ ከመጀመሪያው ናሙና ጋር ለማነጻጸር ቪዛ ይጠይቃል። ይህ ያማል።

ግን ሁለቱን ንግግሮች አንድ ላይ አድርጋችሁ ስሙ። የድሮው ሁሉ እነሱ ጋ ነው፤ ከእንግዲህ ደግሞ ማንም አይሰብስብ። ታዲያ ውጤቱ ምንድነው? የዓለም መሳቢያዎች ዛሬ እንዳሉ ተቆልፈው ይቀራሉ፤ ቁልፉ ለዘለዓለም ፍራንክፈርት፣ ቺካጎና ለንደን ይሆናል። ሀብታሙ ቤተ መጻሕፍቱን ሞልቶ ሲያበቃ «ከእንግዲህ መጽሐፍ መግዛት ነውር ነው» ብሎ ሲያውጅ፣ መደርደሪያው ባዶ የሆነው ድሃ እያጨበጨበ የሚቀበለው ዓይነት ነገር ነው። አራት ኪሎ ሳይንስ ፋኩልቲ ያለውን የእንስሳት ሙዚየም ያየ ሰው ይገባዋል። አራት ኪሎ በየቀኑ የሚያልፍ ስንቱ እዚያ እንዳለ እንኳ አያውቅም። የጎደለን ርኅራኄ አይደለም፤ መሳቢያ ነው።

ፈቃድ ነገርማ አታንሡብኝ። አንዲት የማውቃት የድኅረ ምረቃ ተማሪ አይጥ ለመያዝ የሚያስፈልጋትን ወረቀት ፍለጋ አንድ ሙሉ በጋ ከቢሮ ቢሮ ተንከራተተች፤ ያገኘችው ዝናቡ ሲጀምር ነው። አንዱ ኃላፊ «ለምን ፎቶ አታነሺም?» ብሏታል። በዚያው በጋ፣ በዚያችው አገር፣ በዶላር የከፈለ አዳኝ ግዙፍ ቀንድ ያለው የደጋ አጋዘን በሕጋዊ ፈቃድ መትቶ ጭንቅላቱን ለሳሎኑ ይወስዳል። የዚያን ተገቢነት ሌላ ቀን እንከራከራለን። እኔን የሚገርመኝ የአይጧ ወረቀት ከአጋዘኑ ወረቀት መክበዱ ነው።

አንድ የምወደው ምሳሌ ግን አለ። በ2015 ያው የቺካጎ ሙዚየም ከመቀሌ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ጋር ሆኖ፣ ኦስጉድ ከ88 ዓመት በፊት የረገጠውን የሰሜን ተራሮችን መንገድ እንደገና ሄደ፤ ወጥመድ እየዘረጋ ከዳገቱ ወገብ እስከ ጫፉ። ያኔ የት ከፍታ ላይ ምን ነበር፣ ዛሬስ? እንዲህ ያለውን ጥያቄ መጠየቅ የሚችለው የድሮው ሰው እያንዳንዷ አይጥ ላይ ቦታና ከፍታ ጽፎ ስለተወ ነው። ቢል ስታንሊ፣ የሙዚየሙ የስብስብ ኃላፊ፣ በዚያው የመስክ ጉዞ ላይ እዚሁ አገራችን ውስጥ ሞተ። ሰዎቹ ሁሉ ዘራፊዎች አልነበሩም።

ጽፎ ስለተወ አልኩ። የነገሩ ነፍስ ይቺ ናት። ጣልያናዊው ልዑል ኤውጄኒዮ ሩስፖሊ በደቡብ ኢትዮጵያ ሲዞር በ1893 ዝሆን ገደለው። ከስብስቡ ውስጥ ጭንቅላቱ ነጣ ያለ፣ እጅግ የሚያምር ወፍ ተገኘ፤ በ1896 በስሙ ተሰየመለት። ወፉ ላይ የታሰረ ወረቀት ግን አልነበረም፤ የት? መቼ? ልዑሉ ሞቷል። ወፉን ዛፉ ላይ ለማየት እስከ 1940ዎቹ መጠበቅ ግድ ሆነ። ወረቀት የሌለው ናሙና ከሥጋ ቤት ቆዳ አይሻልም። ሰብሳቢውን ከአዳኝ የሚለየው ያቺ በክር የምትታሰር ቁራጭ ወረቀት ናት።

ያቺ ተማሪ በመጨረሻ ወረቀቷን ስታገኝ አብሬያት ጮቄ ተራራ ወጣሁ። ጎህ ሳይቀድ፣ ጓሳው ላይ ውርጩ እንደ ጨው ተነስንሶ፣ ጅብራው ጭጋግ ውስጥ ቆሞ፣ የቆርቆሮ ወጥመዶቹን አንድ በአንድ ለቀምን። ማታ የለውዝ ቅቤና አጃ ለውሳ አስገብታባቸው ነበር። ከአርባው ስድስቱ ተዘግተዋል። ከስድስቱ አራቱን አየቻቸው፣ መዘነቻቸው፣ ከጆሯቸው ጫፍ ቅንጣት ቆርጣ ለቀቀቻቸው። ሁለቱን አስቀረች። እጇ ሲንቀጠቀጥ አይቻለሁ፤ ብርድ ብቻ አልነበረም። ድንጋይ ላይ ተቀምጣ ለካች፦ ጠቅላላ ርዝመት፣ ጅራት፣ የኋላ እግር፣ ጆሮ፣ ክብደት። ቆዳውን ከሆዷ በኩል ከፍታ እንደ ካልሲ ገለበጠችው፤ እርጥበቱ እንዲደርቅ የበቆሎ ዱቄት ነሰነሰችበት፤ ጥጥ ጠቅልላ በገላው ልክ ሞላችው፤ ጅራቱ ውስጥ ቀጭን ሽቦ አስገባች። ጉበቱን አልኮል ውስጥ ጨመረች። የራስ ቅሉን ለብቻ አስቀመጠች። አንዷ አርባ ደቂቃ ፈጀች። ሙጫው ካርቶን ላይ ያለችው ትዝ አለችኝ።

አንድ ሽማግሌ ጋቢያቸውን ተከናንበው ከላሞቻቸው ኋላ መጡ። ቆመው አዩ።

«ምነው ልጄ፣ ይቺ ምን በደለችሽ?»

«ምንም አልበደለችኝም አባቴ። ማን እንደሆነች ላውቅ ነው።»

«ታዲያ አይጥ ናታ!»

«ስንት ዓይነት አይጥ አለ እዚህ ጮቄ ላይ?»

ሽማግሌው አሰቡ። ገብስ የምትበላውን፣ ጓሳ ሥር የምትኖረውን፣ ውሃ ዳር የምትሄደውን፣ ፍልፈልን ለየብቻ ቆጠሩ። ውሃ ዳር የምትሄደዋን ሲሉ እኔና እሷ ተያየን፤ የት ጅረት እንደሆነ ጠየቅናቸው። «ልጅ ሆኜ ነው ያየኋት» አሉ። «አሁን ዳሩ ሁሉ ታርሷል።» እሷ ግን ጻፈችው። ከዚያ የያዘቻትን ወረቀት አዩና ምን እንደምትጽፍ ጠየቁ። ቀኑን፣ ከፍታውን፣ የራሷን ስም፣ የቦታውን ስም ነገረቻቸው፤ የቀበሌውን ስም ነበር የጻፈችው።

«ይሄማ የአሁን ስም ነው» አሉ። «ቀበሌው ሰፊ ነው፤ ይሄ ምንጭ የራሱ ስም አለው።» የምንጩን ስም፣ የጋራውን ስም፣ ከየት እስከ የት እንደሚባል በእጃቸው እያሳዩ ነገሯት። ልጅቷ ጥርሷ እየተንገጫገጨ ወረቀቷን ገልብጣ ከጀርባው እንደገና ጻፈች። ፊደሉን አንድ ጊዜ አረሟት፤ በ«ሀ» ሳይሆን በ«ኀ» ነው ብለው። ከዚያ ክሩን ሁለት ጊዜ ጠምጥማ የኋላ እግሯ ላይ አሰረችው።